ከታዬ ኋላ ማን አለ?

ጎፋ ኮንዶሚኒየሞቹ ሥር ካለች ትንሽ ካፌ ጠዋት ጠዋት ማኪያቶ እጠጣለሁ። ሐኪሙ ስኳር ተው ስላለኝ ቶሎ አልጨርሰውም፤ ሳልፈልግ የሰው ወሬ እሰማለሁ። ባለፈው ሳምንት አጠገቤ አራት ወጣቶች ተቀምጠው ስለ አንድ የእንግሊዝ ክለብ ይከራከራሉ። ክለቡ ውድድር ሳይጀመር የወዳጅነት ጨዋታ አድርጎ ኖሮ አንደኛው ልጅ ስልኩ ላይ የተጫዋቾቹን ስም እያሳየ «እሺ፣ ይሄ ቢጎዳ ከኋላው ማን አለ? ንገረኛ፣ ማን አለ?» እያለ ጓደኛውን ያፋጥጠዋል። ጓደኛው አንድ ስም ይጠራል፤ ሌሎቹ ይስቃሉ። እኔ ብርጭቆዬን አስቀምጬ ሂሳብ ጠየቅኩና ወጣሁ። ልጆቹ ምንም አላጠፉም። እኔም በነሱ ዕድሜ እንዲሁ ነበርኩ፤ ቁጭ ብሎ ቡድን መበተንና መልሶ መገጣጠም የመሰለ ደስታ አልነበረኝም። ልዩነቱ፣ እኛ የምናነሳቸውና የምንጥላቸው ተጫዋቾች ባሕር ማዶ አልነበሩም። አንደኛው እንዲያውም እኔ በማድርበት ክፍል ውስጥ፣ ከእኔ አልጋ ሁለት እርምጃ ርቆ ነበር የሚተኛው።

መንግሥት ተቀይሮ ሰው ገና ግራና ቀኙን እያየ የሚራመድበት ዘመን ነበር። ዓመተ ምሕረቱን ብትጠይቁኝ ልሳሳት እችላለሁ፤ የሻይን ዋጋ ግን አልሳሳትም። ሻይ ስሙኒ ነበር፣ ቦምቦሊኖም ስሙኒ። «ውይይት» የምንላቸው ታክሲዎች ተሳፋሪውን ፊት ለፊት አስቀምጠው ጉልበት ለጉልበት እያጋጩ ከጎፋ ወደ መሀል ከተማ ይጓዙ ነበር፤ ሳንተዋወቅ ገብተን ስለ ኳስ ተጨቃጭቀን ተዋውቀን እንወርዳለን። ዛሬ ሀይሌ ጋርመንት የሚባለው፣ ሰው ለታክሲ ተሰልፎ የሚጋፋበት ቦታ፣ ያኔ አብዛኛው ማሳ ነበር። ከላፍቶ በኩል የሚመጡት ገበሬዎች ወተት በጀሪካን በአህያ ጭነው በጠዋት ጎፋ ይደርሳሉ፤ መስከረም ላይ መንገዱ ግራና ቀኙ ቢጫ በቢጫ ይሆንና ጭቃው ሲደርቅ የአህዮቹ ኮቴ ቅርፁ እስከ ጥር አይጠፋም። ካሴት ቤቱ ድምፅ ማጉያውን ደጅ አውጥቶ አንድ ዘፈን ሰንበቱን ሙሉ ሲያስጮህ ይውላል፤ ዘፈኑን ባንወደውም እስከ ሰኞ በቃላችን እንይዘዋለን። እኛ ወጣቶቹ ሳልባጅ የጂንስ ጃኬትና ሸራ ጫማ ለብሰን እንቆማለን። ታዬ ግን ጃኬት አልነበረውም። እሱ ክረምት ከበጋ የቡድኑን አረንጓዴ ቱታ ነበር የሚለብሰው፤ ቤተ ክርስቲያን ሲሄድም ነጠላውን ከላዩ ጣል ያደርግበታል።

ታዬ ታላቄ ነው፤ በስድስት ዓመት ይበልጠኛል። አባታችን ቀደም ብሎ ስለሞተ ደብተሬን የገዛልኝም፣ ስሰርቅ ቀበቶ ያነሳብኝም እሱ ነው። ሁለታችንም የምንሠራው ጎፋ በነበረው የሳሙና ፋብሪካ ነበር፤ እኔ በማሸጊያ ክፍል፣ እሱ ደግሞ በወረቀት ላይ በጭነት ክፍል፣ በእውነቱ ግን በኳስ። ፋብሪካው ቡድን ነበረው። ትልቅ ቡድን አልነበረም፤ በሁለተኛው ዲቪዚዮን ወጣ ወረድ የሚል፣ የተጋጣሚ ደጋፊ «አረፋ! አረፋ!» እያለ የሚቀልድበት ቡድን ነው። እኛ ግን እንወደው ነበር። ከሥራ ስንወጣ እጃችንና ጸጉራችን ሳሙና ሳሙና እየሸተተ አጥሩ ጋ ተደግፈን ልምምድ እናያለን። ታዬ የመሀል ተከላካይ ነው። ቁመቱ ረጅም፣ ወሬ የማያበዛ፣ ኳስ ሲነጥቅ እንኳ የተነጠቀውን ሰው ትከሻ መታ መታ አድርጎ የሚያልፍ። ደጋፊው «ግንቡ» ይለው ነበር፤ ሽታዬ የምትባል የማሸጊያ ክፍል ባልደረባዬ «ግንቡ ቆሟል፣ ማን ያልፋል!» የሚል ዜማ አውጥታለት ሜዳው ሁሉ ይቀበላታል። እኔ ያን ስሰማ ደረቴ ይነፋል። ሰው ሲያየኝ «የግንቡ ወንድም» ነበር የሚለኝ፤ ብርሃኑ የሚለውን ስሜን ብዙዎቹ አያውቁትም። አንዳንዴ ያ ደስ ይለኛል፤ አንዳንዴ ደግሞ፣ ዛሬ ልናዘዝና፣ ደስ አይለኝም ነበር።

የዚያን ዓመት ግንቦት የታዬ ግራ ጉልበት ማበጥ ጀመረ። ከሥራ ስንመለስ እናታችን ሳታይ በራችንን ዘግተን በሙቅ ውኃና በጨው አሸዋለሁ፤ ካምፎር እቀባዋለሁ። ስነካው ጥርሱን ነክሶ ጣሪያ ያያል። ክረምቱን ሙሉ እንዲህ ከረምን። ያኔ ቡድኑ እረፍት ላይ ስለነበር ማንም አላወቀም። ከሚቀጥለው ዓመት ውድድር በኋላ ፋብሪካው ውስጥ በቋሚነት እንደሚቀጥሩት ቃል ገብተውለት ነበር፤ እስከዚያ ግን ኮንትራት ነው፣ ኮንትራቱም ከእግሩ ጋር የታሰረ ነው። ፋብሪካው ሊሸጥ ነው የሚል ወሬም ስለነበር ኮንትራት የነበረ ሰው ሁሉ እንቅልፍ አልነበረውም። አንድ ቀን ጉልበቱን እየጠቀለልኩለት ሳለሁ እጄን ያዘኝ።

«ብሬ፣ ለማንም እንዳትናገር» አለኝ። «ይህችን ዓመት ብቻ። ከዚያ ኳሱን እተውና እንደ ሰው በበሩ ገብቼ በበሩ እወጣለሁ።»

«ለማን እናገራለሁ ታዬ?» አልኩት። እውነቴን ነበር።

መስከረም አጋማሽ ላይ ውድድሩ ሳይጀመር ከብስራተ ገብርኤል ከመጣ ቡድን ጋር የወዳጅነት ጨዋታ ተደረገ። እሑድ ነበር፤ ፀሐይዋ ገና ከክረምት የወጣች፣ ሜዳው በየጥጉ ውኃ የቋጠረ። መላው ፋብሪካ ወጥቶ ነበር ማለት ይቻላል። የመጀመሪያውን አጋማሽ ሦስት ለዜሮ መራን። ታዬ እንደ ወትሮው ቆመ፤ ሁለት ኳስ በቴስታ አወጣ፣ አንዴ ደግሞ አጥቂያቸው ሊያልፈው ሲል እግሩን ዘርግቶ ልብስ ከገመድ ላይ እንደሚነሳ ኳሷን አነሳት። ከእረፍት በኋላ አሰልጣኙ ተጠባባቂዎቹን አስገባ። ታዬን አስወጥቶ ያስገባው ገመቹ የሚባል የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበር። ገመቹ የላፍቶ ገበሬ ልጅ ነው፤ ጠዋት ከአባቱ ጋር ወተት አድርሶ ነው ልምምድ የሚመጣው። ቀጭን፣ ፈጣን፣ ኳስ ከያዘ በኋላ ግን ምን እንደሚያደርጋት የማያውቅ። ሁለተኛው አጋማሽ ተዝረከረከ፤ ሁለት ጎል ገባብን። አሸንፈን ወጣን፤ ነገር ግን እንደተሸነፈ ሰው ነበር የወጣነው።

ከጨዋታ በኋላ የምንሰበሰበው ፋብሪካው በር ፊት ለፊት ካለች ሻይ ቤት ነው። ቆርቆሮ ጣሪያ፣ በዘይት ቀለም የተቀባ አረንጓዴ ጠረጴዛ፣ ሦስት አግዳሚ። የደጋፊው አለቃ ጋሽ ወልዴ ነበር፤ የቦይለር ሠራተኛ፣ ከምሥረታው ጀምሮ ቡድኑን ያየ፣ አሰልጣኙ ራሱ እየመጣ ሻይ እየጠጣ ምክር የሚጠይቀው ሰው። እሱ ያለው ሰኞ የቡድኑ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ይወጣል ይባል ነበር። የዚያን ቀን ጋሽ ወልዴ ከሻይ ቤቷ ባለቤት አንድ እፍኝ ቆርኪ ተቀብሎ ጠረጴዛው ላይ አሥራ አንዱን ደረደረ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ቆርኪ ኋላ ተጠባባቂውን ማስቀመጥ ጀመረ።

«ዛሬ ያየነው ይህን ነው» አለ። «ፊተኛው መስመር ጥሩ ነው። የሚያስፈራኝ ኋለኛው ነው። እስቲ ከበረኛው እንጀምር። ከበረኛችን ኋላ ማን አለ?»

«ያ ኳስ ሲመጣ ዓይኑን የሚጨፍነው» አለች ሽታዬ። «ጎል ሲገባበት እንኳ እኛ ነን የምንነግረው።»

ሻይ ቤቱ በሳቅ ተናጋ። በቀኝ መስመር ሁለት እኩል ልጆች አሉን ተባለ። አማካይ ላይ ተጨቃጨቅን፤ አንዱ የቀለም ሠራተኛ አማካዮቻችን ለዘጠና ደቂቃ ሳይሆን ለአርባ አምስት ነው የተሠሩት ብሎ ተሳቀለት። አጥቂ ላይ ጋሽ ወልዴ ሦስት ቆርኪ ደራርቦ «እዚህ ጥጋብ ነው» አለ። እንዲህ እያልን መሀል ተከላካይ ላይ ደረስን።

«ከታዬ ኋላስ ማን አለ?» አለ ጋሽ ወልዴ።

«ከታዬ ኋላ ምን ይፈለጋል?» አለች ሽታዬ። «ግንብ ተጠባባቂ አለው እንዴ?»

«ቆይ ሽታዬ። ዛሬ ሲዞር አይቼዋለሁ። ወደ ቀኝ ሲዞር ደህና ነው፤ ወደ ግራ ሲዞር ግን ከብዶታል።» ወደ እኔ ዞረ። «ብርሃኑ፣ ወንድምህ ምን ሆኗል?»

«ምንም አልሆነም» አልኩ።

«እሱን ለምን ይጠይቁታል ጋሽ ወልዴ?» አለች ሽታዬ እየሳቀች። «ስለ ወንድሙ እውነት ይናገራል ብለው ነው? ይሄ እኮ ኳስ አያይም፤ የሚያየው ታዬን ብቻ ነው።»

ሰው ሳቀ። እሷ ክፉ አስባ አይደለም፤ ሁሌም እንዲህ እንቀላለድ ነበር። እኔ ግን ፊቴ ጋለ። ሃያ ሰባት ዓመቴ ነበር፤ በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ ኳስ የሚያውቅ ሰው መባልን ከምንም ነገር በላይ እፈልግ ነበር። የግንቡ ወንድም ሳልባል፣ ብርሃኑ ተብዬ።

«እኔ ስለ ኳስ አልዋሽም» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ወጣ። «ጉልበቱ ነው። ግራው። ከግንቦት ጀምሮ ያብጣል። በየቀኑ በሙቅ ውኃና በጨው የማሸው እኔ ነኝ። ግማሽ ዓመት አይጨርስም። ከአሁኑ ገመቹ ይግባና ይልመድ። ዛሬ ጎሎቹ የገቡት በሱ ጥፋት አይደለም፤ አማካዩ ትቶት ሄዶ ነው። ልጁ እግር አለው፣ ቁመት አለው፣ የጎደለው ጨዋታ ብቻ ነው።»

ሻይ ቤቱ ጸጥ አለ። ለአንድ አፍታ፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፣ ያ ጸጥታ ደስ አለኝ። ሁሉም እኔን ነበር የሚያየው። ጋሽ ወልዴ የታዬን ቆርኪ በጣቱ ነካ አድርጎ ቆየና ቀና አለ።

«አሰልጣኙ ያውቃል?»

«አያውቅም።»

«ማወቅ አለበት። መሀል ሜዳ ላይ ቢሰበርስ? ለልጁም ደግ አይደለም።»

ያን ጊዜ «ተዉ» ማለት እችል ነበር። «ለኔ ብላችሁ ተዉት፣ ቃል ገብቼለታለሁ» ማለት እችል ነበር። ጋሽ ወልዴ ደግ ሰው ነው፤ ብለምነው ይተወው ነበር። እኔ ግን ያልኩት ይህን ነው፦ «እኔ እንደነገርኳችሁ ብቻ እንዳይሰማ።»

ስንወጣ ሽታዬ ተከትላ ክንዴን ያዘችኝ። መቀለዷን ትታለች። «ብርሃኑ፣ ምን ነካህ? ወንድምህ እኮ ነው» አለች በዝግታ።

«እውነት አትናገርም ያልሽኝ አንቺ አይደለሽም?» አልኳት። ክንዴን ለቀቀች። ከዚያ ቀን በኋላ ያን የታዬን ዜማ ስታዜም ሰምቻት አላውቅም።

ሐሙስ ዕለት ታዬን ወደ ፋብሪካው ክሊኒክ ጠሩት። ድሬሰሩ አልጋ ላይ አስተኝቶ ቀኝ ጉልበቱን ሳይነካ ቀጥታ ግራውን ተጫነው። ይህን የነገረኝ ታዬ ራሱ ነው። «ቀጥታ ግራውን» አለኝ። አሰልጣኙ አጠገቡ ቆሞ ነበር። ታዬ እንዳይጮህ የአልጋውን ብረት ያዘ፤ ፊቱ ላይ የወጣውን ላብ ግን መያዝ አልቻለም። በሳምንቱ የዚያ ዓመት የተጫዋቾች ዝርዝር ሰሌዳ ላይ ሲለጠፍ ስሙ አልነበረም። ኮንትራቱ በወሩ መጨረሻ እንደማይታደስ ተነገረው። ጭነት ክፍል ያስቀሩት ዘንድ ጋሽ ወልዴ ቢሮ ለቢሮ ዞሮ ነበር አሉ፤ ፋብሪካው ለመሸጥ ሠራተኛ እየቀነሰ ባለበት ሰዓት ማን ይሰማዋል።

ዝርዝሩ የወጣ ዕለት ከሥራ ስመለስ ታዬ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጧል። አረንጓዴ ቱታውን አውልቆ የአባታችንን አሮጌ ኮት ለብሷል፤ ያ ኮት እጅጌው ያጥረው ነበር። ውኃ ላፈላ ምድጃውን ሳነሳ «ተወው» አለኝ። ከዚያ ቁጣ በሌለበት ድምፅ ጠየቀኝ።

«ብሬ፣ ለማን ነገርክ?»

ውሸት እንዲህ ቀላል መሆኑን አላውቅም ነበር። «ለማንም» አልኩት።

ለረጅም ጊዜ አየኝ። ዓይኑ ላይ ንዴት ብፈልግ አጣሁ። የሆነ ነገር እንድል የሚጠብቅ ሰው ዓይን ነበር። እኔ ምድጃውን እንደያዝኩ ቆምኩ። እናታችን ከውጭ ስትገባ ታዬ ተነስቶ «እማዬ፣ ሻሸመኔ ያለው የአጎታችን ልጅ ከእንጨት መሰንጠቂያው ቦታ አለ ብሎኛል፤ ኳስም ሰለቸኝ» አላት። እሷም አመነችው፤ እስክትሞት ድረስ ልጇ ኳስ ሰልችቶት የሄደ ነበር የሚመስላት። እኔ ይህን እያወቅኩ ዝም አልኩ።

ከዚያ በኋላ በነበሩት ሳምንታት ታዬ ጠዋት ጠዋት በጣም ማልዶ እየወጣ ረፋዱ ላይ ይመለስ ነበር። የት እንደሚሄድ አልጠየቅኩትም። ጠያቂ መሆን የሚችል ሰው አልነበርኩም። አንድ ክፍል ውስጥ እያደርን ስለ ጨው፣ ስለ ክብሪት፣ ስለ በር መቆለፍ ብቻ እናወራ ነበር። አንድ ዓርብ «እሑድ ስምንት ሰዓት ላይ ከሳሪስ በጭነት መኪና ነው የምሄደው። ሾፌሩን አውቀዋለሁ፣ ጋቢና ያስቀምጠኛል» አለኝ። እኔም «እሺ» አልኩ። እሑድ ዘጠኝ ሰዓት ቡድናችን የዓመቱን የመጀመሪያ ጨዋታ የሚያደርግበት ቀን ነበር። ያንን ሁለታችንም እናውቃለን፤ ሁለታችንም አላነሳነውም።

እሑድ እናታችን ጸሎት አድርሳለት፣ ዳቦና ቆሎ በፌስታል ቋጥራለት፣ እንባዋን በነጠላዋ እየጠረገች ከደጅ ሸኘችው። እኔ እዚያ አልነበርኩም። ሱቅ ልሂድ ብዬ ወጥቼ በጎን በኩል ወደ ሜዳ ሄድኩ። ለራሴ የነገርኩት ነገር ነበር፤ ብሄድ ይበልጥ ይከፋዋል፣ ሰው ፊት ያለቅሳል፣ ደብዳቤ እጽፍለታለሁ። እውነቱ ግን ፊቱ መቆም አቃተኝ፤ ይኸው ነው። አጥሩ ጋ ተደግፌ ጨዋታውን አየሁ። ከሁሉም በላይ ስጮህ የነበርኩት እኔ ነኝ። አንድ ለዜሮ አሸነፍን። ስንት ጨዋታ ረስቻለሁ፤ ያችን ጎል ግን በየትኛው ጥግ እንደገባች ዛሬም አሳያችኋለሁ።

ቡድኑም ብዙ አልቆየም። ፋብሪካው በተሸጠ በዓመቱ ፈረሰ፤ ሜዳው ላይ መጀመሪያ መጋዘን፣ ቀጥሎ ሕንፃ ተሠራበት። ጋሽ ወልዴ ጡረታ በወጣ በሁለተኛው ዓመት አረፈ። ሽታዬ አግብታ ወደ ሌላ ሰፈር ሄደች። እኔም ሥራ ቀይሬ፣ አግብቼ፣ ወልጄ፣ ሌላ ሰው ሆንኩ። ለታዬ ደብዳቤ ብዙ ጊዜ ጀምሬያለሁ። «ውድ ወንድሜ ታዬ፣ ለጤናህ እንደምን አለህ» ከሚለው አልፌ አላውቅም። ሻሸመኔ የአምስት ሰዓት መንገድ ነው፤ ሰው ለሠርግ ሄዶ በነጋታው ይመለሳል። አንድም ቀን አልሄድኩም። እሱ አግብቶ ሁለት ሴት ልጆች እንደወለደ የሰማሁት ከአጎታችን ልጅ ነው። ስልክ በየቤቱ ሲገባ በዓል በዓል መደዋወል ጀመርን፤ «እንዴት ናችሁ፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ዝናብ አለ ወይ»። እናታችን ስትሞት መጣ። ጸጉሩ ሸብቷል፤ በደንብ ያነክሳል። ትከሻ ለትከሻ ተሳስመን ለቅሶ ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። ሦስት ቀን ሙሉ ከአጠገቤ አልራቀም፤ አሁን ሳስበው የተቀመጠው ለእናታችን ብቻ አልነበረም። በሦስተኛው ቀን ድንኳኑ ሲፈርስ «ታዬ» ብዬ ጠራሁት። «አቤት ብሬ» ብሎ ፈጥኖ ዞረ። «መንገድ ላይ ተጠንቀቅ» አልኩት።

ከሦስት ዓመት በፊት ልጁ ደውላ «አባባ ደከመ» አለችኝ። ልነሳ ስል ደግማ ደወለች። የደረስኩት ለቀብር ነው። ሚስቱ እጄን ይዛ «ስላንተ ሁሌ ያወራ ነበር» ስትለኝ መሬቱ ቢውጠኝ በወደድኩ።

ይህ ሁሉ በልቤ ተዘግቶ እንዲቀር ነበር ያሰብኩት። ባለፈው ዓመት ግን ሀይሌ ጋርመንት ታክሲ ልይዝ ተሰልፌ ሳለሁ አንድ ሰው ከኋላ ትከሻዬን ነካኝ። ቦርጭ ያወጣ፣ ኮፍያ ያደረገ፣ ሃምሳ የሚጠጋ ሰውዬ ነው።

«ይቅርታ ጋሼ፣ የታዬ ወንድም አይደሉም? የግንቡ?»

ከሃያ ዓመት በላይ ያልተጠራሁበት ስም ነበር። ፊቱን አጤንኩት። ገመቹ ነበር። ተቃቀፍን። የአባቱ መሬት የኮንዶሚኒየም ቦታ ሆኗል፤ እሱ እዚያው አካባቢ የግንባታ ዕቃ ይሸጣል። ከሰልፉ ወጥተን የአንድ ሱቅ ደረጃ ላይ ተቀመጥን።

«ታዬስ እንዴት ነው?» አለኝ።

«አረፈ፣ ገመቹ። ሁለት ዓመት ሆነው።»

ኮፍያውን አወለቀ። ከዚያ ፊቱን በእጁ ጠረገና «ኳስ ያስተማረኝ እሱ ነው፤ ታውቃለህ?» አለኝ። «ከቡድኑ ሲወጣ ጊዜ ጠላኝ ብዬ ነበር። እሱ ግን ወተቱን እንዳደረስኩ ጠዋት ጠዋት ሜዳው ላይ ጠብቆ ያሠራኝ ነበር። በዚያች እግሩ። እንዴት እንደምቆም፣ መቼ እንደምወጣ፣ ሁሉን። ለምንድነው ይህን የምታደርግልኝ ስለው፣ ‹ወንድሜ ከኔ ቀጥሎ አንተ እንደምትሆን ተናግሯል። እሱ ኳስ ያውቃል› አለኝ።»

ኮፍያውን ጉልበቱ ላይ እያዞረ ቀጠለ።

«የሄደ ዕለት ሻንጣውን ተሸክሜ ሳሪስ ድረስ የሸኘሁት እኔ ነኝ። ጨዋታ እንዳለብኝ እያወቅኩ። ሾፌሩ እንሂድ ሲለው ‹ወንድሜ ይመጣል፣ ትንሽ ታገሰኝ› ይለዋል። መኪናው ተነስቶ እንኳ አንድ ጊዜ አስቁሞት ወርዶ መንገዱን አየ። እኔ ለጨዋታው ዘግይቼ ሜዳ ስደርስ ደጋፊው ሁሉ ሰደበኝ፤ አንተም ሰድበኸኛል።» ትንሽ ሳቀ፤ ሳቁ ግን ፊቱ ላይ አልቆየም። «ሲሄድ አንድ ነገር ንገረው ብሎኝ ነበር። ‹አልተቀየምኩትም በለው፤ ልክ ነው የተናገረው፣ እኔ ራሴ ማለት ነበረብኝ። ክረምት ሲገባ መጥቶ ይየኝ፣ እጠብቀዋለሁ በለው።› እኔ ደግሞ የመጀመሪያ ጨዋታዬ ነበር፣ ልጅ ነበርኩ፣ ስድቡም አደናገጠኝ፤ ረሳሁት። ከዚያ ስትጻጻፉ ይነግርሃል ብዬ ተውኩት። አሁን ስታየኝ ነው እንደገና የመጣብኝ።» ክንዴን ያዘኝ፤ ዓይኑ ውስጥ ፍርሃት አየሁ። «ሄደህ ነበር አይደል? ክረምት ላይ ሄደህ አየኸው አይደል?»

ሃምሳ የሚጠጋው ሰውዬ ሳይሆን ያ ቀጭን ልጅ ነበር የሚጠይቀኝ። ይህን ሸክም ለምን አሸክመዋለሁ? እኔ ለብቻዬ ስሸከመው ኖሬ የለ?

«ሄጃለሁ እንጂ» አልኩት። «ክረምት ላይ ነው የሄድኩት።»

«እፎይ! ተመስገን» አለና ኮፍያውን መልሶ አደረገ።

ስልክ ተቀያየርን፤ ታክሲ መጣለትና ሄደ። እኔ ደረጃው ላይ ቀረሁ። አልዋሸሁትም። ታዬ የተቀበረው በነሐሴ ነው።